ወደ ልጁ ያላዞርኩት ፊት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ካልሆነ ትዝ አይለኝም። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ልጅ ነበርኩ፣ አሁንም ብዙ አልተለወጥኩም። ስለዚህ ይህን ነገር ለማንም ከዳር እስከ ዳር አውርቼው አላውቅም። የምጽፈው ስለ አንድ ፊት ነው። ሸራ ላይ የሳልኩት የሽማግሌ ፊት ነው፤ ወደ ልጁ መዞር ነበረበት፣ እኔ ግን ወደ ሌላ አዞርኩት።

ቤታችን ከቀየት ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ገብስ እንዘራለን፣ በግ እናረባለን። እናቴ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ፈትሉን ለሸማኔ እንሰጥና ባናው፣ የጠጉር ብርድ ልብሱ፣ ሲያልቅ ገበያ ወስደን እንሸጣለን። ከጎናችን ያለው ቤት ባለቤት የነበሩት ሴትዮ ካረፉ በኋላ ተዘግቶ ኖረ። ኋላ ወንድማቸው ከአዲስ አበባ መጥተው ገቡበት። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ የጃኬታቸው እጅጌ ቀለም አያጣውም። ሥዕል ተምረው፣ ሥዕል ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ ሰው ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸው ነበር።

በጎቻችን ወደ ጓሳው የጋራ ግጦሽ ከመውጣታቸው በፊት ከሰው በግ ጋር እንዳይምታቱ ጀርባቸው ላይ ምልክት እናደርጋለን። በዚያ ዓመት ቀለም አልነበረንምና እናቴ ከእሳቸው ዘንድ ላከችኝ፤ በቆርቆሮ ቀይ ቀለም ሰጡኝ። ሌላው ሰው አንድ ነጥብ ወይም አንድ መስመር ነው የሚያደርገው። እኔ በየበጉ ጀርባ ላይ ወፍ ሳልኩ። ለምን እንዳደረግሁት እንጃ፤ ቀለሙ ጥሩ ስለነበረ ይመስለኛል። በማግስቱ በራችን ላይ ቆመው እናቴን፣ "በጎችሽ ላይ ቆቅ ያሳረፈው ማነው?" አሏት።

እኔ ጓዳ ነበርኩ። እናቴ፣ "ያቺ ናት። አፏ እንጂ እጇ አያርፍም፤ ማለቴ አፏ ነው የሚያርፍ" አለችና በራሷ ሳቀች።

"ላኪያት" አሉ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። መጀመሪያ ቤታቸውን እጠርግ፣ ውኃ እቀዳ፣ ብሩሽ አጥብ ነበር። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ዝም ማለቴ ቅር ያሰኛቸው አይመስልም ነበር። ተማሪዎቻቸው ሁሉ ለፍላፊዎች እንደነበሩና እኔን በማግኘታቸው በእውነት ጡረታ የወጡት አሁን እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

ግድግዳቸው ላይ በወረቀት የታተመ ትልቅ የፈረንጅ ሥዕል ተሰቅሏል። ተማሪ ሳሉ ያገኙት ነው። ለዓመታት ተጣጥፎ ስለኖረ መታጠፊያው እየተላጠ ነጭ መስመር አውጥቷል። ሥዕሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሆነ ታሪክ ነው አሉኝ። አንድ ወጣት የጦር ልብስ ለብሶ ከአባቱ ቤት ሊወጣ ነው። ደጅ ላይ ወታደሮችና ፈረስ ይጠብቁታል። እናቱና እህቶቹ ተደጋግፈው ያለቅሳሉ። ከበላያቸው ትልልቅ የድንጋይ ዓምዶች አሉ፣ ቀይ መጋረጃ አለ፣ መሬት ላይ የወደቀ ጋሻ አለ። በቀኝ በኩል ሽማግሌ አባቱ በትሩን ይዞ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በዚያ ሥዕል ውስጥ አንዱ ፈረሱን ያያል፣ አንዷ መሬት ታያለች፣ አንዱ ሰማይ ያያል። ሽማግሌው ግን ከልጁ ሌላ ምንም አያይም።

የጥንቱን የግሪክና የሮም ጥበብ የሚከተል እንዲህ ዓይነቱ ሥዕል ኒዮክላሲካል ይባላል አሉኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ አልገባ ብሎኝ ብዙ ጊዜ ሳቁብኝ። ተማሪ ሳሉ አስተማሪያቸው ይህንኑ እንዲገለብጡ አዝዘዋቸው ነበር፤ ጀምረው ሳይጨርሱ ቀሩ። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ በእሳቸው ዓይን፣ በራሴ እጅ እንድጨርሰው ፈለጉ። ሲያልቅም ለልጃቸው ነው።

ልጃቸው አዲስ አበባ እንደሚኖር፣ ወጣት ሳለ ከቤት ከወጣ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ተመልሶ እንዳልጠየቃቸው ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ግን ነገ እንደሚመጣ ሰው ነበር የሚያወሩለት። "ሲመጣ ባዶ እጄን አልቀበለውም" ይሉ ነበር።

የባሕር ዛፍ እንጨት ገጣጥመው አቡጀዲ ወጠሩበት፣ በሙጫና በነጭ ቀለም ቀቡት። የታተመው ሥዕል ላይ ዙሪያውን ትንንሽ ምስማር መትተው ክር ወጠሩበት፤ ሥዕሉ በሙሉ ካሬ ካሬ ሆነ። በአቡጀዲው ላይም በከሰል ያንኑ ያህል ካሬ፣ ግን ሰፋ አድርጌ አሰመርኩ። "ሰውየውን አትሳይ" ይሉኛል። "ካሬው ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይ። እጅ ነው ብለሽ ካሰብሽ እጅ አይሆንልሽም።" እውነትም አንድ ካሬ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሳላውቀው ስስለው፣ ኋላ ራቅ ብዬ ሳየው ጉልበት ሆኖ አገኘዋለሁ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከከሰሉ በኋላ ሁሉን ነገር በቡናማ ብቻ ሳልኩት። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ ሌላ ቀለም አልነካም። ከዚያ ቀለም መደባለቅ ጀመርን። የሥጋ ቀለም የሚባል በቆርቆሮ የሚሸጥ ነገር እንደሌለ፣ የማንም ሰው ፊት ውስጥ ትንሽ አረንጓዴ እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው። ገበያ ሄጄ ባና ዘርግቼ ስቀመጥ የሰውን ጉንጭ እያየሁ አረንጓዴውን እፈልግ ነበር።

እናቴ ሥራውን ልታይ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው ወታደሮቹን ነው። ደረታቸውና ጭናቸው ራቁቱን ነው። "እነዚህ ሰዎች ብርድ የለባቸውም እንዴ?" አለች። "አንድ አንድ በርኖስ ደርቢላቸው እንጂ።" ጋሼ በሳቅ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተንጋለሉ። ከሚያለቅሱት ሴቶች የአንዷ እጅ በመታጠፊያው ምክንያት ጠፍቶ ነበርና እናቴን ቁጭ አድርገው እጇን እንድስል ነገሩኝ። እናቴ እጇን ባዶ ማድረግ አታውቅም። ስለዚህ ያቺ ፈረንጅ እያለቀሰች እጇ እንዝርት እንደያዘ ሆኖ ቀረ። እሳቸው ደህና ነው፣ እንዳለ ይሁን አሉ።

የቀለሙ ዘይት ሲያልቅ ደግሞ ከተልባ የሚወጣ ስለሆነ ከደጃችን አናጣውም አሉ። እናቴ ተልባውን ለጾም እንደለመደችው ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ የሰፈፈውን ዘይት አመጣችላቸው። አሸተቱትና፣ "ይህ እኮ በእንጀራ የሚበላ ነው" አሏት። ጥሬውን ነበር የፈለጉት። የተቆላው ቀለሙን አጠቆረው፣ ለመድረቅም በጣም ዘገየ። የአገራችን ብርድ ተጨምሮበት ከዚያ በኋላ የቀባሁት ሁሉ ለወራት እርጥብ ነበር። እናቴ ከፈተለችው የበነነ ጠጉርም እየመጣ ያርፍበታል፤ ጠዋት ጠዋት በመርፌ እለቅም ነበር።

ሥዕሉ ወደ ማለቁ ሲደርስ፣ የሽማግሌውና የልጁ ፊት ሲቀር፣ የሽማግሌውን ፊት በእሳቸው ፊት እንድተካው ጠየቁኝ። ሰዓሊዎች ድሮም እንዲህ ያደርጋሉ አሉ። የወጣቱን ፊት ግን እንደታተመው እንድተወው፣ ልጃቸው ሲመጣ ራሱን እንደሚያገኘው ነገሩኝ። መስኮቱ አጠገብ በጎን ተቀመጡልኝ። በከሰል ሳልኳቸው፤ ግንባራቸው፣ አፍንጫቸው፣ ትንሿ ጢማቸው። ደህና ወጣ። ከዚያ በራቤል ከተማ የዘመድ ተዝካር ነበረባቸውና ለጥቂት ቀናት ሄዱ። ሲመለሱ ፊቱ በቀለም አልቆ እንዲጠብቃቸው ተነጋገርን።

ብቻዬን ከሥዕሉ ፊት ስቆም እጄ እምቢ አለኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ ሁሉ ፊት ለፊት ናቸው፣ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ሰማዕታቱን የሚያርዱት፣ ጌታን የሚገርፉት ግን በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ሳለሁ የማውቀው ነገር ነው። ወታደሮቹን በጎን ስስል አልከበደኝም፤ ወታደር ናቸው፣ ደግሞም አላውቃቸውም። ጋሼን ግን አውቃቸዋለሁ። ሰው የማይሰማውን ድምፄን የሰሙ ሰው ናቸው። አንድ ዓይን አድርጌ ከገራፊዎቹ ጋር እንዴት ላስቀምጣቸው?

ከሰሉን በጨርቅ ጠረግሁትና ፊታቸውን ወደ ፊት ለፊት አዞርኩት። ሁለት ዓይን ሳልኩላቸው። እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም። ከዓይናቸው ሥር ያለው እጥፋት፣ ሲስቁ የምትመጣው መስመር ሁሉ ገባች። እናቴ መጥታ ቆማ አየችና፣ "እሰይ፣ አሁን ሰው ሆኑ" አለች።

ከራቤል የተመለሱ ዕለት በትራቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ወደ ሥዕሉ ሄዱ። ጎንበስ ብለው አዩት። እኔ ከኋላ የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ይዤ ቆሜያለሁ።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ "አጸደቅሽኝ እኮ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ገብቷቸው ነበር፤ እሳቸውም ያደጉት ያንኑ ግድግዳ እያዩ ነው። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ወዴት ነው የማየው?"

"ወደ እኛ" አልኩ።

"ልጁስ?"

ወደ ወጣቱ ዞር ብዬ አየሁ። ያን ጊዜ ነው ሥዕሉ የታየኝ። ልጁ ሊወጣ ነው፣ ሁሉ ያለቅሳል፣ አባቱ ደግሞ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ወደ ውጭ እያየ ተቀምጧል።

ተቀመጡና፣ ከዚያ በፊት ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ። ልጃቸው ከቤት የወጣ ዕለት የአንድ ነጋዴ ሥዕል ታዘው እየሳሉ ነበር። በመካከላቸው የቆየ ቅያሜ አለ። ልጁ ሻንጣውን ይዞ በራቸው ላይ ቆመና እየሄደ መሆኑን ነገራቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ከሸራው አላነሡም። ቀለሙ ይደርቅብኛል አሉት። ልጁ ትንሽ ቆሞ ቆየ። ከዚያ በሩ ሲዘጋ ሰሙ።

"የዘይት ቀለም በሳምንትም አይደርቅ" አሉኝ። "እሱ ደግሞ የሰዓሊ ልጅ ነው። ያውቃል።"

እኔ መሬት መሬት አይ ነበር።

"ስለዚህ አዙሪኝ። አንድ ዓይን ይበቃኛል፣ እሱን ካየሁበት።"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ዕድሜዬን ሁሉ የምለው እሱን ነው። ቀለሙ እርጥብ ስለሆነ በቢላዋ ፍቆ ማንሣት ይቻላል። ፍቆ፣ ጠርጎ፣ በጎን መሳል የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር። በማግስቱ ቢላዋውን ይዤ ቆምኩ። ዓይኖቻቸው ያዩኛል። ቢላዋውን መልሼ አስቀመጥኩት። ወንበሩን ሳልኩ፣ የመጋረጃውን ጫፍ ሳልኩ፣ የወጣቱን ፊት ሳልኩ። ፊታቸውን አልነካሁም።

ጠዋት ስገባ፣ "ዞርኩ?" ይሉኛል። "ገና ነው" እላቸዋለሁ። ተቆጥተውኝ አያውቁም። ቢቆጡኝ ኖሮ የማደርገው ይመስለኛል።

ሁዳዴ ሲገባ ሳል ጀመራቸው። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፣ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ሳሉ ግን አልተዋቸውም። ለእናቴ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። እሷ ደነገጠች። የታመመን ሰው በአንድ ዓይን መሳል ለራሱም ለሚስለውም ደግ አይደለም፣ ፋሲካ ይለፍ፣ ሲሻላቸው ታደርጊዋለሽ አለችኝ። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ስለነበር ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ሲጠይቁኝ፣ ከፋሲካ በኋላ እላቸው ጀመር።

"እንግዲህ ከጌታ ጋር አብሬ ልነሣ ነዋ" አሉኝ አንድ ቀን፣ ከአልጋቸው ሆነው። ቀልዳቸው እስከ መጨረሻው አብሯቸው ነበር።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት አረፉ። ያን ዕለት ጠዋት ትኩስ አጥሚት ይዤ ስገባ እንደ ልማዳቸው ጠይቀውኝ ነበር። ፋሲካ ሩቅ ሆኖ ታየኝና፣ ነገ አልኳቸው። "እሺ፣ ነገ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ዝምታቸው እንቅልፍ መስሎኝ አጥሚቱን አልጋው ሥር አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እናቴን አልወቅሳትም፤ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ የሳሉትንም አልወቅስም። እኔ ስለ ነፍሳቸው ተጨነቅሁ፣ እሳቸው የተጨነቁት ስለ ልጃቸው ነበር። የጠየቁኝ ሌላ ምንም ነገር የለም። ቀየት ውስጥ አሁን የሱቅ ጽሑፍና የመኪና ላይ ሥዕል እሠራለሁ፤ ሰው ሲያዘኝ እንዳዘዘኝ እሠራለሁ፣ ከራሴ አልጨምርም። ጥሩ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ብሩሽ ባነሣሁ ቁጥር "ዞርኩ?" የሚለው ድምፅ አይለየኝም። ሥዕሉ እኔ ዘንድ የለም። ልጃቸው ወስዶታል።

ስልክ ተደውሎለት ለቀብር አልደረሰም፤ የመጣው በሣልስት ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። ቁመቱ እሳቸውን ነው፣ ሲቀመጥ እንኳ እንደ እሳቸው አንድ እግሩን ዘርግቶ ነው። አላለቀሰም። ለቀስተኛው አንድ አንድ እያለ ሲበተን እናቴ ጎኔን ጎሰም አደረገችኝና አደራው ያንቺ ነው አለችኝ።

ቤት ውስጥ አስገባሁትና ከሥዕሉ ላይ ጨርቁን አነሣሁ። አባቱን ወዲያው አወቃቸው። እጁን ወደ አፉ ወሰደ። ከዚያ ወደ ወጣቱ አየ።

"ይሄስ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት። እንደዚያ ነው ያሉኝ" አልኩ።

ዓይኑ ከወጣቱ ወደ ሽማግሌው፣ ከሽማግሌው ወደ ወጣቱ ተመላለሰ። ምን እየፈለገ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለማላውቀው ሰው ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። በጎን ተቀምጠውልኝ እንደነበር፣ ልጄን እንዳይ አድርጊኝ እንዳሉኝ፣ እኔ ግን አንድ ዓይን ማድረጉ ከብዶኝ እንዳዞርኳቸው፣ ጠዋት ጠዋት ዞርኩ ወይ እያሉ ይጠይቁኝ እንደነበር ነገርኩት። በሩ ላይ ሲቆም ቀና ብለው ስላላዩት ይጸጸቱ እንደነበር፣ ስለ ቀለሙ መድረቅ የተናገሩትንም ሳይቀር ነገርኩት። እሱ ሥዕሉን እያየ ሰማኝ እንጂ አንድ ጊዜም ወደ እኔ አልዞረም።

"ሁለት ቀን ብቻ ይስጡኝ" አልኩት። "ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፣ ይፋቃል። መልካቸውን አልረሳሁትም፤ ወደ እርስዎ አዞራቸዋለሁ።"

ቢላዋውን አንሥቼ ነበር። እጁን ዘርግቶ ክንዴን ያዘኝ፣ ቀስ አድርጎም ዝቅ አደረገው።

"ተይው፣ አትንኪው" አለኝ። "አባቴ እንደዚሁ ነበር።"